ለሞገሴ፣ ስለ ቅቤውና ስለ ሸምሲያ ምላስ

የኔ ሞገስ፣

እንደምን አለህ ብዬ አልጀምርም፤ ያለህበትን የሚያውቀው ፈጣሪህ ብቻ ነው። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልህም አታምነኝም፤ ታውቀኛለህና። ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ኅዳር ላይ ነበር የሄድከው፣ ገብሱ ሲታጨድ፤ አሁን ሚያዝያ ነው፣ ፋሲካም ካለፈ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ። ያላንተ ሁለተኛው ፋሲካ መሆኑ ነው። ስለ መጀመሪያው ልጽፍልህ አፍሬ ዝም ብዬ ነበር። ስለዚህኛው ግን ሳልነግርህ ብቀር ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ስለዚህ የምሳ ሰው ከሄደልኝ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ሥጋ ትከትፍበት ከነበረው ግንድ አጠገብ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ላውራህ። የወጥ ቤቱን ጣሪያ አስቀየርኩት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ድስት ስንደቅንባት የኖርናት ቀዳዳ አሁን የለችም። የቢላዋህ እጀታ ተሰንጥቆ በወይራ አስቀየርኩት፤ መጀመሪያ እጄ ላይ ከበደኝ፣ አሁን ለመድኩት። አዎ፣ የምከትፈው እኔ ነኝ። ትከሻዬ ሲጠዘጥዘኝ ውሎ ያድራል፤ አንተ አንድም ቀን አመመኝ ሳትል እንዴት እንደኖርክ አሁን ገባኝ። ልጃችን ሰናይት ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ሆናለች፤ ያውም የት፣ እኔ በተወለድኩበት በገሳይ! አርብ አርብ ትመጣና እሁድ ትመለሳለች። አንተ ከሞትክ ወዲህ እንደ ትልቅ ሰው ትመክረኛለች፣ እኔም እንደ ልጅ እቆጣታለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ደግሞ አዲስ ክትፎ ቤት ተከፍቷል፤ ግድግዳው መስታወት፣ ቴሌቪዥኑ የበር ያህል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ፣ ግን ስንት ሰው እንደተቀመጠ ሳላይ አላልፍም። ቀናተኛ መሆኔን ለማንም ሳትናገርብኝ ነው የሞትከው፤ እንግዲህ እኔው ልናገረው።

ይህን ወረቀት አንድ ቀን ሰናይት ታነበዋለችና፣ አንተ የምታውቀውን ነገር ብደጋግመው አትሰልችብኝ።

ከቡታጅራ የመጣህ ጊዜ እኔ ገና አባቴ ቤት ነበርኩ። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፤ አንተም ወደ አገርህ የምትመለስበት መላ አጥተህ እዚያው ደቡብ ቀረህ። ክትፎ ቤት ሳህን አጣቢ ሆነህ ገባህ፣ ከዚያ ጎመን ቀቃይ፣ ከዚያ ከታፊ። ስድስት ዓመት። ስትመለስ፣ ወታደር ሆኖ ሄዶ ወጥ ሠሪ ሆኖ መጣ ብሎ አገር ሳቀብህ። ደብረ ታቦር ላይ ወንድ ልጅ ሽርጥ ታጥቆ ምድጃ ሥር ሲቆም ያየ ሰው አልነበረማ! አባቴ እንኳ ልጄን ለወጥ ቤት ሰው አልድርም ብለው ሁለቴ ሽማግሌ መለሱ። በሦስተኛው አንተው ራስህ በጣባ ክትፎ ይዘህላቸው ሄድክ። በልተው ጨረሱና እጃቸውን ታጠቡ። በማግስቱ እሺ አሉ። እኔ የተዳርኩት በአንድ ጣባ ክትፎ ነው እያልኩ ስቀልድ፣ ቅቤውን አትርሺ ትለኝ ነበር።

ቆጮውንስ ረሳኸው? በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ሲመጣልህ የበዓል ያህል ደስ ይልህ ነበር። ለእኛ ኮባ ማለት ዳቦ የሚጋገርበት ቅጠል ነው፤ ግንዱ ይበላል ቢሉን ማን ያምናል? አንዱ የፋርጣ ገበሬ የሰጠኸውን ቆጮ ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ ዳቦውን ለራሳችሁ አስቀርታችሁ ቅጠሉን ነው እንዴ ያቀረባችሁልኝ ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። አንተም አብረህ ሳቅክ፤ ከዚያ እንጀራ ጨምርለት አልከኝ። ለካ እንደዚያ እያልክ ነው ቡታጅራን ከደብረ ታቦር ጋር ያስማማኸው። ለብለቡን የሚፈራ ሰው ሲመጣ በደንብ ታበስልለታለህ፤ ሚጥሚጣ የሚፈራ ሲመጣ አይብ ታበዛለታለህ። ሰው ከሐሙሲት ድረስ እየመጣ በላልህ።

እኔ ደግሞ ፊት ለፊት ነበርኩ። እንግዳ ተቀባይ እኔ፣ አይብ የማወጣ እኔ፣ ጎመን የምቆርጥ እኔ፣ የተቆጣ ደንበኛ የማባብል እኔ። አንድ ነገር ግን አልሰጠኸኝም። ቅቤውን። ቅቤ የምታነጥር ቀን ወጥ ቤቱ ቤተ መቅደስ ይሆንብሃል። ኮሰረቱን በጣትህ ታሻለህ፣ ኮረሪማውን ትወቅጣለህ፣ እሳቱን በአንድ እንጨት ትቀንሳለህ ትጨምራለህ። ጠጋ ስል፣ አንጉ፣ ሰው ተቀምጧል፣ ውጪ እዪልኝ ትለኛለህ። ማንም አልተቀመጠም! ባዶ ወንበር አይቼ እመለሳለሁ። እሺ ብዬ ተውኩት። የወንድ ልጅ አመል ነው ብዬ ተውኩት። ሸምሲያ እስክትመጣ ድረስ።

ሸምሲያ ማለት፣ ሰናይትዬ፣ የምታውቂያት ጎረቤታችን ቅመም ሻጯ ናት። ባሏ ነጋዴ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ። ስልጤ ናት፤ አገሯ ከቡታጅራ በእግር የሚሄዱበት ነው። የጎናችንን ቤት በተከራዩ ሳምንት አንተ ቅቤ ታነጥር ነበር። ሽታው በእንጨቱ አጥር አልፎ ሄደና ጠራት። መጣች፣ በአጥሩ ክፍተት ፊቷን አሳየችና በቋንቋዋ አንድ ነገር ጠየቀች። አንተም በቋንቋዋ መለስክላት። ከዚያ ሁለታችሁም ሳቃችሁ።

እኔ ሰፌድ ይዤ መሀል ግቢ ቆሜ ነበር። ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ በሌላ ቋንቋ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም። ድምፅህ ራሱ ሌላ ሆነብኝ፣ የማላውቀው ወጣት ሰው ድምፅ። ምን አለችህ ብዬ ስጠይቅህ፣ የአገሬ ሽታ ሸተተኝ ነው ያለችው አልከኝ። የማን አገር? አንተ የደብረ ታቦር ሰው አይደለህም እንዴ? ያን ዕለት ነው የጀመረኝ።

አሁን የሕማማቱን ነገር ልናገር። እኛ ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን ቅቤ በምላሳችን አይዞርም። የፋሲካ ማግስት ሰኞ ግን ቤታችን ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ ያን ሁሉ ቀን ሥጋ የናፈቀ ሰው ነው የሚመጣው። ለዚያ ሰኞ የሚሆነው ቅቤ ደግሞ በሕማማት መነጠር አለበት። የሚያነጥረው ሰው አይቀምስም። በአፍንጫው ብቻ ነው የሚሠራው። ድሮ አንተም እንደዚያ ነበር የምትሠራው፣ አንዳንድ ዓመት ይሰምርልሃል፣ አንዳንድ ዓመት አይሰምርልህም። ሸምሲያ ከመጣች በኋላ ግን የማይጾም ምላስ አገኘህ። ያውም ቅቤው እንዴት መሆን እንዳለበት ከእናቷ ጓዳ የምታውቅ ምላስ።

ጸሎተ ሐሙስ ከስግደት እንመለሳለን፤ ጉልባናችንን እንበላለን። ከዚያ አንተ ቅቤውን ትጥዳለህ። ሲደርስ በቀንድ ማንኪያ ትንሽ ትቀዳና፣ ነፋስ እንዳይነካው መዳፍህን ጋርደህበት፣ ወደ አጥሩ ትሄዳለህ። ልጅ አቅፈህ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። እሷ ትቀምሳለች። ወደ ላይ ታያለች። ታስባለች። አንተ ፊቷ ትቆማለህ፣ ዳዊት የሚደግም ተማሪ የኔታ ፊት እንደሚቆመው። ከዚያ እሷ፣ ጨምር ትላለች። አንተ ተመልሰህ ትጨምራለህ። እንደገና ትሄዳለህ። እኔ በዚያ በኩል ሳህን እያጠብኩ፣ አንዱን ሳህን አራት ጊዜ እያጠብኩ፣ እርር ድብን እላለሁ።

በሌላ ነገር ጠርጥሬህ አላውቅም። ይህን ዛሬ በግልጽ ልጽፍልህ እፈልጋለሁ፤ ጨዋነትህንም ጨዋነቷንም አውቃለሁ። ሌላ ሴት ባሏ ወደ ሰው ቤት ሲሄድባት ትቀናለች፤ እኔን ያንገበገበኝ ባሌ ማንኪያ ይዞ ሲሄድ ነው። የእኔ ምላስ ምን ሆነና? ጾም ላይ ነኝ፣ እሺ። በፍስኩ ጊዜስ? በፍስኩም አንድ ቀን ቅመሺልኝ አላልከኝም። አንድ ቀን! እኔ የጉና ቅቤ በልቼ ያደግሁ ልጅ።

የመጨረሻ ዓመትህ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። በቀን መሄዱን ተውክና ሲመሽ መሄድ ጀመርክ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድስቱን ከድነህ ትቀመጣለህ፤ ልክ ጥላ ሲያርፍ ማንኪያህን ይዘህ ትነሳለህ። ኧረ ምን ጉድ ነው አልኩ። ሰው በቀን የሚያደርገውን ለምን ወደ ማታ ያዞረዋል? በሆዴ ስንቱን ነገር አወጣሁ አወረድኩ። አፍ አውጥቼ ግን አልጠየቅሁህም፤ ኮርቼ። ለአንድ ሳምንት ሻይህን ያለ ስኳር ሰጠሁህ። አንተም ዝም ብለህ ጠጣኸው፣ የኔ ሞኝ።

ከዚያ ኅዳር መጣ። ስለ ኅዳር አልጽፍም።

ያላንተ የመጀመሪያው ሕማማት ሲመጣ ሰናይት፣ እማ፣ እትዬ ሸምሲያን አስቀምሻት እንጂ አለችኝ። ያለ ሸምሲያ ይሠራል፣ እናትሽም እጅ አላት አልኳት። በበሩ ቀዳዳ እያየሁ ስንት ዓመት ስሰርቅህ ነበር፤ ኮሰረቱን አውቀዋለሁ፣ ኮረሪማውን አውቀዋለሁ፣ የእሳቱን መጠን አውቀዋለሁ። ልኩን ግን አላውቀውም። ከአጥሩ ማዶ የምሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ጨምር። ያን ሁሉ ዓመት ጆሮዬ የያዘው እሱን ነው። እና ጨመርኩ። አሸተትኩት፤ አፍንጫዬ በለቅሶ ተደፍኖ ነበር፣ ምንም አልነገረኝ። ጨመርኩ። እሷ ብትኖር ጨምሪ ትል ነበር ብዬ ደግሞ ጨመርኩ። የሚገርመው፣ ላሸንፋት የፈለግሁትን ሴት ቃል እየታዘዝኩ ነበር።

እሁድ የቅቤውን ነገር ልቤ ፈርቶ አልቀመስኩትም። በዓሉም በዓል አልሆነልኝም፤ አንተ የምትቀመጥበትን ወንበር ሳይ አለቀስኩና ተኛሁ። ሰኞ ቤቱ ሞላ። ሞገሴ፣ ቅቤው መረረ። እንደ ኮሶ መረረ። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ ያልቀመሰ ሰው ጣባውን ገፍቶ ተቀመጠ። ማንም ፊት ለፊት አልተናገረኝም፤ የአገራችንን ሰው ታውቀው የለ? ደህና ነው፣ ጎሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። አንድ ደንበኛህ፣ ያ የጋይንት ሹፌር፣ በሩ ላይ ቆም አለና፣ አይ ሞገስ፣ ነፍሱን ይማረው አለ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሸምሲያ ሱቋ በር ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ፣ አየኋት። ደስ ብሏት ነው አልኩ። ደስ ይበልሽ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ቀነሰ። የመስታወቱ ቤት ሲሞላ የእኛ ሲራቆት አየሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ቁርጤን አውቄ ነበር። ይህ ፋሲካ ካልሆነልኝ ቤቱን ዘግቼ፣ ሰሌዳህን አውርጄ፣ ወደ ሰናይት ወደ ገሳይ ልሄድ። የወንድ ወጥ ሠሪ ቤት ነው ተብሎ የተሳቀበት ቤት፣ ሰው በአድናቆት የበላበት ቤት፣ በእኔ እጅ ሊሞት ነው። እሱ ያቆመውን ሚስቱ ጣለችው ሊባል ነው። ይህን እያሰብኩ ስሰግድ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ የማስበው ስለ ሕማማቱ ሳይሆን ስለ ኮሰረት ነበር።

ጸሎተ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቅቤውን አወረድኩ። በማንኪያህ ቀዳሁ። ሦስት ጊዜ ወደ አጥሩ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በአራተኛው ነጠላዬን አጥብቄ፣ በአጥሩ ሳይሆን በፊት ለፊት በር፣ እንደ ሰው ወደ ሱቋ ገባሁ። ማንኪያውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና፣ ቅመሺልኝ አልኳት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋትም፣ ብናገር የማለቅስ መስሎኝ።

ሸምሲያ ማንኪያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንጓችዬ፣ ጾም ላይ ነኝ እኮ አለችኝ።

ረመዳን! ሞገሴ፣ ረመዳን መሆኑን እያወቅሁ! አዛኑን በየቀኑ እሰማለሁ፣ ልጆቿ ቴምር ሲገዙ አያለሁ። ግን ቅናት ዓይኔን ሸፍኖት፣ ይህች ሴት እንደ እኔ የምትጾም ሰው መሆኗን ረስቻለሁ። በዚያች ደቂቃ ነው ያ የመጨረሻ ዓመትህ የበራልኝ። የዚያን ዓመትም ጾማችሁ ገጥሞ ነበር። አንተ ፀሐይ እስክትጠልቅ የምትቀመጠው እሷ እስክታፈጥር ነበር። እኔ ደግሞ ያለ ስኳር ሻይ አጠጣሁህ። አፈር ልብላልህ፣ ለምን አትነግረኝም ነበር? መቼ ጠየቅሽኝ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ተወው።

ልነሳ ስል፣ ተቀመጪ፣ መግሪብ እስኪል አብረን እንጠብቃለን አለችኝ። ተቀመጥኩ። ማንኪያው መሀላችን። ሁለት ጿሚ ሴቶች የማይቀምሱትን ቅቤ ከበው ተቀምጠው እያቸው! ሦስት ሰዓት ሙሉ። ቅመም የሚገዛ ሰው ሲመጣ ትነሳለች፣ ትመዝናለች፣ ትመለሳለች። ቅቤው ረጋ። እኔም ዝም ማለት ሲያቅተኝ ያ የስንት ዓመቱ ነገር አፌን አምልጦ ወጣ። ያንቺን ምላስ አምኖ የእኔን ሳያምን ነው የሞተው አልኳት። ልክ እንደዚህ ነው ያልኳት፣ አልዋሽህም።

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና፣ አንቺ ሴት፣ እኔ እኮ የባልሽን ክትፎ ቀምሼ አላውቅም አለችኝ።

እውነቷን ነው። እንዴት አስቤው አላውቅም? ሥጋው የክርስቲያን ሥጋ ነው፣ አትበላውም። ያን ሁሉ ዓመት ቅቤውን ስትልስ ኖራ፣ የአገሯን ምግብ ደጃፏ ላይ ሲሠሩት እያሸተተች፣ አንድ ማንኪያ አልጎረሰችም። እኔ በየቀኑ የምበላውን። እኔም እቀናብሽ ነበር አለችኝ፤ ሰው ሁሉ ጥሩ ነው እያለ ሲወጣ ምን ዓይነት እንደሆነ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ አለች። ታዲያ ልኩን እንዴት ነው የምታውቂው ብላት፣ እኔ የቅቤውን ነው የማውቀው፣ ክትፎው ሆነ አልሆነ የሚታወቀው ባንቺ ነበር አለችኝ።

የነገረችኝን ልጻፍልህ፣ አንተ ልትነግረኝ የሚገባህን። ለካ በየፋሲካው እሁድ ጠዋት፣ ገና ሰው ሳይመጣ፣ የመጀመሪያዋን ጣባ ለእኔ ብቻ የምትሠራልኝ ለእንኳን አደረሰሽ አልነበረም። አጉርሰኸኝ ፊቴን ታያለህ። ከዚያ ሱቋ ደርሰህ፣ ሸምሲያ፣ ዘንድሮ ዓይኗን ጨፈነች፣ ሆኗል ትላለህ። አንድ ዓመት ግን፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ቶሎ ዋጠችው፣ አልሆነም ብለህ ነበር አለችኝ። ያን ዓመት አስታወስኩት! እሁድ ሙሉ ቀን ምድጃ ሥር ቆመህ ቅቤውን እንደገና ስትጥድ፣ በትንሣኤ ቀን ሥራ የሚሠራ አረማዊ ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኼብህ ነበር። ለካ የእኔን ፊት ነበር የምታርመው።

እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በርበሬና ዝንጅብል መሀል፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ደስ አለኝ። እውነት ነው፣ ደስ አለኝ። ግን አንተ ታውቀኛለህ፤ ደስታው ሳያልቅ ቅናቱ ተመልሶ መጣ። ፊቴን ለጎረቤት ስትነግር፣ ለባለፊቷ ለምን አልነገርክም? እኔ ስበላ ምን እንደምመስል ሸምሲያ ታውቃለች፣ እኔ አላውቅም። እንዴት ያለህ ሰው ነህ! አንድ ቀን፣ አንጉ፣ ባንቺ ነው የምለካው ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? ሳህን ሳጥብ የቆጠርኩትን ንዴት ሁሉ ባላሳቀፍከኝ። በአምናው ፋሲካም ቢያንስ አንዴ ቀምሼ ዓይኔ ሳይጨፈን ቢቀር ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ይህን አልተውኩልህም። ስንገናኝ እንነጋገርበታለን።

አዛኑ ተሰማ። ሸምሲያ ቢስሚላህ ብላ በቴምርና በውኃ አፈጠረች። አፏን ተጉመጠመጠች። ከዚያ ቅቤውን ፍም ላይ አሙቃ ቀመሰችው። ወደ ላይ አየች። አሰበች። እኔ፣ ሞገሴ፣ የኔታ ፊት እንደ ቆመ ተማሪ ቆሜ ነበር። ኮሰረቱ በቅቷል፣ ኮረሪማው ነው ያነሰው፣ ጨምሪ አለችኝ። ሮጥኩ። ጨምሬ ተመለስኩ። ትንሽ አለች። ደግሞ ሮጥኩ። በሦስተኛው ማንኪያውን ላሰችና ባዶውን ሰጠችኝ፤ በቃ፣ አሁን ያንቺ ነው አለች። ባለፈው ዓመት ሲመርብኝ ለምን አልመጣሽም ብዬ ጠየቅኋት። ሽታው እኔ ዘንድ ደርሶ ነበር፣ ዓይንሽ ግን ያባርረኝ ነበር አለችኝ። ምን ልበላት? እውነት ነው፣ ያባርር ነበር።

የሰኞውን አስቀድሜ ልንገርህ፣ እንዳትጓጓ። ቤቱ ሞላ። እንደ ድሮው አይደለም፣ ሁለት ጠረጴዛ ባዶ ነበር፤ ግን ሞላ። ያ የጋይንት ሹፌር መጣ፣ በልቶ ሁለተኛ አዘዘ። ሲወጣ፣ አንድ ሳምንት ቆይቶ ከጓደኞቹ ጋር እንደሚመጣ ነገረኝ። ሰናይት ለበዓሉ ቀርታ፣ አይብ እያወጣች ታለቅሳለች፣ ሽንኩርት ነው ትለኛለች፣ ሽንኩርት ግን አልነበረም። ሰሌዳህ አልወረደም። እኔም ገሳይ አልሄድም።

ዋናው ግን እሁድ ነው። እሁድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሰናይት ተኝታ ሳለ፣ ሥጋውን ከተፍኩ፣ ቅቤውን አፈሰስኩ፣ ሚጥሚጣውን ነሰነስኩ። አንዲት ጣባ ብቻ። ይዤ የወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በምትገባበት ተቀመጥኩ። የሚያጎርሰኝ አልነበረም። ማንኪያውን ሳነሳ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሸምሲያ ቆማ አየኋት። ልብስ የምታሰጣ ትመስላለች፤ እጇ ላይ ግን ልብስ የለም። ያን ያህል ዓመት በወሬ ብቻ የሰማችውን ልታይ ነው የመጣችው፣ ዓይኔን መጨፈን አለመጨፈኔን። ክፋት የለባትም። ቅቤው የእሷም ቅቤ ነው፣ ማየት ይገባት ነበር።

እና ምን አደረግሁ መሰለህ? ጀርባዬን ሰጠኋት። ወደ ግድግዳው ዞርኩና ጎረስኩ።

ከእንግዲህ በየሕማማቱ ማንኪያውን ይዤ እሷ ጋ እሄዳለሁ፤ ረመዳን ከገጠመ መግሪብ እጠብቃለሁ፣ ካልገጠመ በቀን እሄዳለሁ። ቅቤውን ትካፈል፣ ቋንቋዋንም ታስተምረኝ ብዬ ጠይቄአታለሁ፤ አንተ የሳቅክበትን ልስቅበት። ስምህን በየቅዳሴው እጠራለሁ፣ ቢላዋህን ሳነሳ እጠራሃለሁ፣ ረስቼ አልተውህም። የፋሲካ እሁድ ጠዋት ፊቴን ግን ለማንም አላሳይም። እሱ ያንተ ነው፣ ሆኗል ወይስ አልሆነም ብለህ አንተው እየው።

ቀናተኛዋ ሚስትህ፣
አንጓች